ስፔስ ቻርጅና የጨረር ብክነት ሲሙሌሽን

ስፔስ ቻርጅ ማለት በቅንጣት አፋጣኝ (አክስለሬተር) ውስጥ አብረው የሚጓዙ፣ ተመሳሳይ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው የሚገፋፉበት ክስተት ነው። የጨረር ብክነት ደግሞ ከእነዚህ ቅንጣቶች ጥቂቶቹ ከመንገዳቸው ወጥተው የቫኪዩም ቱቦውን ግድግዳ ሲመቱ የሚደርሰው ጉዳት ነው። የመጀመሪያው ለሁለተኛው አንዱ ዋና ምክንያት ነው። አንድ ማሽን ከመገንባቱ በፊት ምን ያህል ቅንጣት፣ የት ቦታ እንደሚባክን ለማወቅ የሚሠራው የኮምፒውተር ስሌት የዚህ ገጽ ርዕስ ነው።

ስለ ቃላቱ

በአማርኛ «ጨረር» የሚለው ቃል ለሁለት ነገር ስለሚያገለግል አንባቢን ያደናግራል። በዚህ ገጽ «ጨረር» ሲባል በቱቦ ውስጥ የሚጓዘው የቅንጣቶች ጅረት ነው። ከራዲዮአክቲቭ ቁስ የሚወጣውና በሰውነት ላይ ጉዳት የሚያደርሰው ደግሞ «ጨረራ» ተብሏል፤ ይህ ቃል በመንግሥት የጨረራ መከላከያ ሥራ የተለመደ ነው። «ስፔስ ቻርጅ» ራሱ ጥሩ የአማርኛ አቻ እስካሁን አላገኘም። «የእርስ በርስ መገፋፋት» ቢባል ትርጉሙን ይዞ ይሄዳል፣ ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ ሁለቱም እየተፈራረቁ ይገኛሉ።

ኃይሉ ከየት ይመጣል

ሁለት ፕሮቶኖች ቆመው ቢሆን ኖሮ በኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ ይገፋፉ ነበር። ነገር ግን ጎን ለጎን ሲሮጡ እያንዳንዳቸው እንደ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ስለሚቆጠሩ በመካከላቸው ማግኔታዊ መሳሳብ ይፈጠራል። የሚሳቡበት ኃይል ከሚገፋፉበት ኃይል ጋር ያለው ንጽጽር የፍጥነታቸው (ከብርሃን ፍጥነት አንጻር) ካሬ ነው። ፍጥነቱ ወደ ብርሃን ፍጥነት ሲጠጋ ሁለቱ ኃይሎች ሊጣፉ ይደርሳሉ፤ የሚተርፈው ግፊት ለሎሬንዝ ጋማ ካሬ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ከዚህ የሚከተለው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ስፔስ ቻርጅ ዝቅተኛ ጉልበት ባለበት ቦታ፣ ማለትም ቅንጣቶቹ ገና ሲነሱ፣ ከሁሉም ይበረታል። ስለዚህም ትልቁን ማሽን የሚወስነው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ያለው ትንሹ ማሽን ነው።

የግፊቱ ቅርጽም ዋጋ አለው። ቻርጁ በጨረሩ ውስጥ እኩል ቢሰራጭ ኖሮ ግፊቱ ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ መስመር ያድግ ነበር፤ ይህን ዓይነት ስርጭት ካፕቺንስኪና ቭላዲሚርስኪ እ.ኤ.አ. በ1959 በሒሳብ አስቀምጠውታል። እውነተኛ ጨረር ግን እንዲህ አይደለም። ከቀፎ ወጥቶ ቅርንጫፍ ላይ ሊያርፍ የሚዞር የንብ መንጋ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ መሐሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ዳሩ እየሳሳ ይሄዳል፣ ጥቂቶች ደግሞ ርቀው ይበራሉ። በእንዲህ ያለ ስርጭት ግፊቱ ቀጥተኛ መስመር አይከተልም፤ አስቸጋሪው ነገር ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ቲዩንና ሬዞናንስ

በክብ አፋጣኝ ውስጥ ቅንጣቶች በማግኔቶች ተይዘው ከመሐል መስመሩ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች እየተወዛወዙ ይጓዛሉ። በአንድ ዙር ውስጥ የሚወዛወዙበት ብዛት ቲዩን ይባላል። ቲዩኑ ሙሉ ቁጥር ከሆነ በማግኔቶቹ ላይ ያለች ትንሽ ስህተት በየዙሩ ቅንጣቱን በዚያው አቅጣጫ ትገፋዋለች። ዥዋዥዌ የሚጫወት ልጅ በትክክለኛው ጊዜ በትንሹ ቢገፋ እየጨመረ እንደሚሄድ ሁሉ፣ የቅንጣቱም ውዝዋዜ እያደገ ሄዶ ግድግዳ ይመታል። ይህ ሬዞናንስ ነው። ግማሽና ሲሶ ቁጥሮችም የየራሳቸው ሬዞናንስ አላቸው።

የማሽን ንድፍ አውጪዎች ከእነዚህ ቁጥሮች የራቀ ቲዩን ይመርጣሉ። ስፔስ ቻርጅ ግን ማግኔቶቹ ቅንጣቶቹን ወደ መሐል የሚሰበስቡበትን ኃይል ስለሚያዳክም ቲዩኑን ዝቅ ያደርገዋል። ዝቅ የሚያደርገውም ለሁሉም እኩል አይደለም፤ መሐል ላይ ያሉት ብዙ፣ ዳር ያሉት ጥቂት ይወርዳሉ። አንድ ነጥብ የነበረው ቲዩን ተዘርግቶ ሰፊ ቦታ ይይዛል፣ ከዚያም የሆነ ክፍሉ አንድ ሬዞናንስ ላይ ይወድቃል።

የመውረዱ መጠን በቅንጣቶቹ ብዛት ልክ ይጨምራል፤ በኤሚታንስ (የጨረሩ ስፋትና የአቅጣጫ መበታተን በአንድነት የሚለኩበት መጠን)፣ በፍጥነትና በጋማ ካሬ ደግሞ ይካፈላል። በቁጥር ለማየት፣ 10¹² ፕሮቶኖች ቀለበቱን ሙሉ እኩል ሞልተው፣ መደበኛ ኤሚታንሳቸው 2 ማይክሮ ሜትር ሆኖ፣ በ50 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ቢዞሩ ቲዩናቸው በ0.18 ገደማ ይወርዳል። ያው ጨረር በ160 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ቢገባ መውረዱ 0.09 እንኳ አይሞላም።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ዝም ብለው የተመረጡ አይደሉም። በጄኔቫ በሚገኘው የሰርን ምርምር ማዕከል ፒኤስ ቡስተር የሚባለው ቀለበት ፕሮቶኖችን በ50 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ሲቀበል የኖረው ከሊናክ 2 ነበር። ከረጅሙ የጥገና ጊዜ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ፣ ሊናክ 4 የተባለው አዲስ መስመራዊ አፋጣኝ በ160 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይልክለታል። ቡስተሩም ራሱ ወደ ቀጣዩ ቀለበት የሚያስተላልፍበት ጉልበት ከ1.4 ወደ 2 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ከፍ ብሏል። የሁለቱም ለውጥ ምክንያት በዋናነት ስፔስ ቻርጅ ነው። ትልቁ የኤልኤችሲ ቀለበት ዙሪያው 26.7 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ካለው መንገድ ጋር ይቀራረባል። ያን ሁሉ መንገድ የሚሞላው ጨረር ምን ያህል ጥቅጥቅ ሊል እንደሚችል የሚወሰነው ግን ከእሱ በፊት ባሉት ትንንሽ ቀለበቶች ውስጥ ነው።

ትንሽ ብክነት ለምን ያስፈራል

ጉልበት ያለው ፕሮቶን ብረት ሲመታ አቶሞችን ሰብሮ ብረቱን ራዲዮአክቲቭ ያደርገዋል። ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ጨረራው ይቆያል፣ ቴክኒሻን ገብቶ ፓምፕ ወይም ማግኔት ለመቀየር አይችልም። በዚህ ምክንያት በሙያው የተለመደ አንድ ልክ አለ፦ በእያንዳንዱ ሜትር የሚባክነው ጉልበት ከ1 ዋት እንዳይበልጥ። በ1 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይህ በሜትር በሴኮንድ 6 ቢሊዮን ፕሮቶን ገደማ ማለት ነው። ብዙ ይመስላል፤ ከሚያልፈው ጋር ሲነጻጸር ግን ከምንም አይቆጠርም።

በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት በኦክ ሪጅ የሚገኘው የኒውትሮን ማመንጫ (ኤስኤንኤስ) በ1 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት 1.4 ሜጋዋት ኃይል ያለው ጨረር እንዲሰጥ ነው የታቀደው። በሴኮንድ 60 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 1.5×10¹⁴ ያህል ፕሮቶን ይልካል። የማከማቻ ቀለበቱ ዙሪያ 248 ሜትር ስለሆነ፣ በሜትር 1 ዋት ማለት በጠቅላላው 248 ዋት ነው፤ ከ10,000 ፕሮቶኖች 2 እንኳ አይደርስም። በጃፓን ቶካይ ያለው ጄ-ፓርክ የሚባለው ማዕከልም በ3 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት፣ በሴኮንድ 25 ጊዜ 1 ሜጋዋት ለመስጠት የተነደፈ ሲሆን፣ እሱም የመግቢያ ጉልበቱን ከ181 ወደ 400 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ከፍ ማድረግ ነበረበት።

ስለዚህ ሲሙሌሽኑ የሚጠየቀው ጥያቄ «ጨረሩ ያልፋል ወይ?» የሚል አይደለም። «ከአስር ሺህ አንዱ የት ቦታ ይወድቃል?» የሚል ነው። ይህ ለኮምፒውተር በጣም ከባድ ጥያቄ ነው።

በኮምፒውተር እንዴት ይሰላል

1.5×10¹⁴ ፕሮቶኖችን አንድ በአንድ መከተል አይቻልም። ስለዚህ ማክሮ ቅንጣት የሚባል ነገር ይፈጠራል፤ አንዱ ማክሮ ቅንጣት የብዙ ሚሊዮን ፕሮቶኖች ወኪል ነው። አንድ ሚሊዮን ማክሮ ቅንጣት ብንወስድ እያንዳንዱ 150 ሚሊዮን ፕሮቶን ይወክላል። ይህም ሆኖ የእያንዳንዱን ጥንድ ግፊት ማስላት 500 ቢሊዮን ያህል ስሌት ነው፣ ያውም ለአንድ እርምጃ ብቻ።

መፍትሔው ቅንጣቶቹ በቀጥታ እንዳይነጋገሩ ማድረግ ነው። በጨረሩ ላይ ፍርግርግ ይዘረጋል። እያንዳንዱ ማክሮ ቅንጣት ቻርጁን በአቅራቢያው ላሉት የፍርግርጉ ነጥቦች ያከፋፍላል። ከዚያ በነጥቦቹ ላይ ካለው ቻርጅ የፖይሶን እኩልታ ተፈትቶ የኤሌክትሪክ መስኩ ይገኛል፤ መስኩም ተመልሶ ወደየቅንጣቱ ቦታ ይሰላና ቅንጣቱ ትንሽ ይገፋል። ቅንጣቶቹ በማግኔቶቹ ውስጥ ጥቂት ይራመዳሉ፣ እንደገና ይቆጠራሉ፣ እንደገና ይገፋሉ። ዘዴው «ቅንጣት በፍርግርግ» ይባላል። የፖይሶን እኩልታ የሚፈታው አብዛኛውን ጊዜ በፈጣን ፉሪየር ትራንስፎርም ነው። በየአቅጣጫው 128 ነጥብ ያለው ፍርግርግ 2 ሚሊዮን ገደማ ነጥብ አለው፤ ትራንስፎርሙ ከጥቂት አስር ሚሊዮን እስከ ጥቂት መቶ ሚሊዮን ስሌት ይፈልጋል። ከ500 ቢሊዮን ጋር ሲተያይ ቀላል ነው።

ለፕሮግራም ጸሐፊ አንድ ማስታወሻ ይጠቅማል። እርምጃው ተከፍሎ ይሠራል፦ ግማሽ ጉዞ፣ ሙሉ ግፊት፣ ግማሽ ጉዞ። በቅደም ተከተል «ጉዞ ከዚያ ግፊት» ከማለት ብዙም የተለየ አይመስልም፣ ኮዱም በአንድ መስመር ቢለያይ ነው። ነገር ግን የተመጣጠነው አካሄድ በእኩል ዋጋ የበለጠ ትክክለኛ ነው። በሁለቱም ቢሆን ግፊቱ ቅንጣቱ ባለበት ቦታ ላይ ብቻ የተመሠረተ መሆን አለበት። ይህ ከተጣሰ ጉልበት ከባዶ ይፈጠራል ወይም ይጠፋል፣ ከብዙ ሺህ ዙር በኋላም ማሽኑ ውስጥ የሌለ ብክነት ስክሪን ላይ ይታያል።

ሌላው መንገድ «የቀዘቀዘ» ሞዴል ነው። በዚህ ጨረሩ ቅርጹን ይዞ እንደሚቆይ ተቆጥሮ፣ መስኩ ባሴቲና ኧርስኪን እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ቀመር በቀጥታ ይሰላል። ፍርግርግ የለም፣ የፖይሶን እኩልታም የለም። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ጨረሩ ራሱ ሲለወጥ አያውቅም። በየተወሰነ ዙር የጨረሩን ስፋት እያደሱ መቀጠል የተለመደ መካከለኛ መንገድ ነው።

የሐሰት ጫጫታ

ማክሮ ቅንጣቶች ጥቂት ስለሆኑ በየፍርግርጉ ክፍል የሚገኘው ቁጥር በዕድል ከፍና ዝቅ ይላል። በጠፍጣፋ ፍርግርግ (128 በ128) ላይ አንድ ሚሊዮን ማክሮ ቅንጣት ቢበተን በአማካይ ለአንድ ክፍል 61 ይደርሳል፤ የዕድል መዋዠቁ 13 በመቶ ገደማ ነው። በሦስት አቅጣጫ ፍርግርግማ ለአንድ ክፍል አንድ ቅንጣት እንኳ አይደርስም። ይህ መዋዠቅ እንደ እውነተኛ ኃይል ሆኖ ቅንጣቶቹን እየገፋ ኤሚታንሱን ቀስ በቀስ ያሳድጋል። በእውነተኛው ጨረር ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ፕሮቶኖቹ በጣም ብዙ ናቸውና።

ለመስመራዊ አፋጣኝ ጉዞው አጭር ስለሆነ ይህ ብዙም አያስጨንቅም። ለቀለበት ግን ያስጨንቃል። በጀርመን ዳርምሽታት እየተገነባ ያለው ኤስአይኤስ100 የተባለ ቀለበት ዩራኒየም አየኖችን ለአንድ ሴኮንድ ያህል ሲያከማች ቅንጣቶቹ ከ150,000 ዙር በላይ ይዞራሉ። በአንድ ዙር 100 ግፊት ቢሰላ፣ ለአንድ ሚሊዮን ማክሮ ቅንጣት 1.5×10¹³ የቅንጣት እርምጃ ነው። በሴኮንድ 10 ሚሊዮን ቅንጣት የሚያራምድ ፕሮግራም ይህን ለመጨረስ 17 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። (መብራት በሚቋረጥበት አካባቢ የሚሠራ ተማሪ የቅንጣቶቹን ሁኔታ በየተወሰነ ዙር ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አይነገረውም።) ከ17 ቀን በኋላ የሚገኘው መልስ ደግሞ ምን ያህሉ ፊዚክስ፣ ምን ያህሉ ጫጫታ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሠራበት ፈተና ቀላል ነው፦ የማክሮ ቅንጣቱን ቁጥር እጥፍ አድርጎ መድገም። ብክነቱ ከቀነሰ ከፊሉ ሐሰት ነበር።

ቁጥሩ በሌላ በኩልም ያጥራል። ከአንድ ሚሊዮን ማክሮ ቅንጣት ከ10,000 አንዱ ቢባክን 100 ቅንጣት ነው፤ ስህተቱ በዕድል ብቻ 10 በመቶ ይሆናል። ከሚሊዮን አንዱን ለማወቅ ግን አንድ ቅንጣት ላይ መፍረድ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ መልስ ሊባል አይችልም።

ሃሎ

ብክነት የሚመጣው ከጨረሩ መሐል አይደለም፤ ከዳሩ፣ ሃሎ ከሚባለው ስስ ጉም ነው። የጨረሩ መሐል ከማግኔቶቹ ጋር በትክክል ካልተስማማ እየሰፋና እየጠበበ ይተነፍሳል። የመሐሉ አተነፋፈስ ድግግሞሽ የአንድ ዳር ቅንጣት ውዝዋዜ እጥፍ ሲሆን ቅንጣቱ ከመሐሉ ጉልበት እየወሰደ ይርቃል። ግሉክስተርን ይህን እ.ኤ.አ. በ1994 በቀላል ሞዴል አሳይቷል።

በሎስ አላሞስ በ52 ማግኔቶች መስመር ላይ፣ በ6.7 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። ሃሎው ታየ። ሲሙሌሽኖቹ ግን የተለካውን ስፋት በሚገባ አልሰጡም። የኮዱ ስህተት አልነበረም፤ ጨረሩ መስመሩ ውስጥ ሲገባ የነበረው ትክክለኛ ስርጭት አይታወቅም ነበር። አማካይ ስፋቱ አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ጨረር ዳራቸው ከተለያየ ሃሎአቸውም ይለያያል። እስከዛሬ ይህ የመነሻ ስርጭት ጉዳይ ከኮምፒውተር ፍጥነት የበለጠ እንቅፋት ነው።

በክብ ማሽን ላይ ከተደረጉት ፈተናዎች መካከል እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው የሰርን ፒኤስ ሙከራ ይጠቀሳል። ሆን ተብሎ ባለ ስምንት ዋልታ ማግኔት በማብራት አንድ ሬዞናንስ ተፈጠረ። ቲዩኑ ወደ ሬዞናንሱ በጣም ሲጠጋ ብክነት ታየ፤ ትንሽ ራቅ ሲል ብክነቱ ቀርቶ ሃሎ ብቻ ተፈጠረ። ቅንጣቱ በጥቅሉ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ሲዋልል የሚያገኘው የስፔስ ቻርጅ መጠን ስለሚለዋወጥ ሬዞናንሱን ደጋግሞ ያቋርጣል፣ አንዳንዴም ተይዞ አብሮ ይወሰዳል። ሲሙሌሽኑ ይህን ባሕርይ በዓይነቱ አስቀድሞ አሳይቷል፤ በመጠን ግን ሙሉ በሙሉ አልገጠመም።

ሲሙሌሽኑ ያላየው፦ የኦክ ሪጅ ታሪክ

በኤስኤንኤስ ውስጥ የሚፋጠነው መጀመሪያ ፕሮቶን ሳይሆን ሁለት ኤሌክትሮን ያለው ሃይድሮጅን፣ ማለትም አሉታዊ የሃይድሮጅን አየን ነው። ወደ ቀለበቱ ሲገባ በስስ ቅጠል አልፎ ኤሌክትሮኖቹን ይጥላል፤ በዚህ መንገድ ቀድሞ በገባው ጨረር ላይ አዲስ ጨረር መደረብ ይቻላል። የመስመራዊው አፋጣኝ ሱፐርኮንዳክቲንግ ክፍል ሰፊ ቀዳዳ ስላለው በሲሙሌሽኑ መሠረት እዚያ የሚባክን ቅንጣት ሊኖር አይገባም ነበር።

ማሽኑ እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ ሲጀምርና ኃይሉ ሲጨምር ግን እዚያው ቦታ ብክነት ተለካ። የማሽኑ ሠራተኞች በመሞከር አንድ ነገር አገኙ፦ ባለ አራት ዋልታ ማግኔቶቹን ከንድፉ በታች ቢያዳክሟቸው ብክነቱ ይቀንሳል። ይህ ከሚጠበቀው ተቃራኒ ነው፤ ማግኔት ሲዳከም ጨረሩ ይሰፋል፣ የሰፋ ጨረር ደግሞ ለግድግዳው ይቀርባል።

ማብራሪያው በ2010 ገደማ ከፌርሚላብ ከመጣው ከቫለሪ ሌቤዴቭ ተገኘ። የአየኑ ሁለተኛ ኤሌክትሮን የታሰረው በ0.75 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው። በአንድ ጥቅል ውስጥ ያሉ አየኖች እርስ በርስ ሲጋጩ ያ ኤሌክትሮን ይወድቃል፤ የቀረው ቻርጅ የለሽ ሃይድሮጅን ማግኔት ስለማይዘው ቀጥ ብሎ ሄዶ ግድግዳ ይመታል። ጨረሩ ሲሰፋ ግጭቱ ይቀንሳል። ለማረጋገጥ በዚያው ማሽን ውስጥ ፕሮቶን ብቻ ተፋጠነ፤ ፕሮቶን የሚጥለው ኤሌክትሮን የለውም። ብክነቱ እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ።

በፍርግርግ ላይ የሚሠራ ኮድ ቻርጁን አለስልሶ ስለሚያይ የሁለት አየን ግጭት በውስጡ የለም። አየኑም ለኮዱ የማይሰበር ነጥብ ነው። ስለዚህ ማክሮ ቅንጣቱን ሺህ እጥፍ ቢያደርጉት እንኳ ይህን ብክነት አያገኘውም ነበር።

ፕሮግራሞች

ከሚታወቁት መካከል የኦክ ሪጁ ፓይኦርቢት፣ የፌርሚላቡ ሲነርጂያ፣ በበርክሌይ የተሠራው ኢምፓክት፣ በስዊዘርላንድ የፖል ሸረር ተቋም ኦፓልና የሰርን ኤክስስዊት ይገኛሉ። ፓይኦርቢትና ኤክስስዊት ከፓይተን ይጠራሉ፣ ኮዳቸውም ክፍት ነው፤ ፓይተን የሚያውቅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በተራ ላፕቶፕ ላይ ጭኖ ትንሽ ቀለበት ሊያስኬድ ይችላል። ኤክስስዊት በጂፒዩም ይሠራል። ግድግዳ የመታ ቅንጣት ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያደርግ፣ ማለትም ስንት ኒውትሮን እንደሚረጭና ብረቱን ምን ያህል እንደሚያሞቅ፣ የሚያሰሉት ደግሞ እንደ ፍሉካና ጂያንት4 ያሉ ሌሎች ፕሮግራሞች ናቸው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ትልቅ የምርምር አፋጣኝ የለም፤ አፋጣኝ ግን አለ። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር የጨረራ ሕክምና ለረጅም ጊዜ በኮባልት-60 ማሽን ሲሰጥ ቆይቶ በኋላ መስመራዊ አፋጣኝ ተተክሏል፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም አለ። እነዚህ ማሽኖች የሚያፋጥኑት ኤሌክትሮን ነው፣ የጨረራቸውም መጠን ከኦክ ሪጅ ጋር አይወዳደርም።

ሆኖም ስፔስ ቻርጅ በእነሱም ውስጥ ቦታ አለው፣ ያውም በመነሻው ላይ። ከጋለው ካቶድ የሚወጡ ኤሌክትሮኖች ከፊታቸው ያሉት ስለሚገፏቸው ከተወሰነ መጠን በላይ መውጣት አይችሉም። ቻይልድ እ.ኤ.አ. በ1911፣ ላንግሙር በ1913 ያወጡት ሕግ የሚለው ይህንን ነው፤ የጅረቱ ጣሪያ በቮልቴጁ አንድ ተኩል ርቢ ይጨምራል፣ በርቀቱ ካሬ ይቀንሳል። ቮልቴጁ አራት እጥፍ ቢሆን ጣሪያው ስምንት እጥፍ ይሆናል። ኤሌክትሮኑ 6 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ሲደርስ ጋማ 12.7 ስለሚሆን የእርስ በርስ ግፊቱ ከ160 ጊዜ በላይ ይቀንሳል፤ ይህም የሚሆነው ርዝመቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ሜትር ብዙ በማይበልጥ ቱቦ ውስጥ ነው። የኤሌክትሮን ምንጩን ሲሙሌት ማድረግ በቁጥር ስሌት ኮርስ ለሚሠራ ፕሮጀክት የሚመች መጠን አለው፤ የቻይልድና ላንግሙር ሕግ ትክክለኛውን መልስ ስለሚሰጥ ኮዱ መሳሳት አለመሳሳቱ ወዲያው ይታወቃል።